ፏፏቴ፦ የቃሉ አመጣጥና የጢስ ዓባይ ስሞች

በአማርኛ ከገደል አፋፍ ወደ ታች የሚወረወር ውሃ ፏፏቴ ይባላል። ይህ ቃል አማርኛ ከግዕዝ ከወረሳቸው የውሃ ስሞች አንዱ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የገባም አይደለም፤ ተናጋሪው ሕዝብ ውሃው ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ ይዞ በራሱ አፍ የሠራው ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር የቃሉ ፊደል ነው። ከንፈርን አሹሎ የሚነገረውን ድምፅ የሚወክሉትና የፊደል መምህራን «ዲቃላ» የሚሏቸው ሆሄያት በግዕዝ የሚገኙት በአራት ወገን፣ ማለትም በቀ፣ በኀ፣ በከና በገ ብቻ ሲሆን፣ አማርኛ ግን ይህንኑ አነጋገር ወደ ሌሎች ፊደላት አስፋፍቶ ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሿ፣ ቧ እና ፏ የሚሉትን በዕለት ንግግሩ ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ ከአንድም ሁለት ጊዜ ፏ የተባለበት ቃል ሲገኝ፣ መዝገበ ቃላት ሳይገለጥ እንኳ የትውልድ ቦታው አማርኛ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

የቃሉ ሥር ፏ የሚለው ድምፀ ቀድ ነው፤ ድምፀ ቀድ የሚባለው ነገሩ የሚያሰማውን ድምፅ በመቅዳት የሚመሠረት ቃል ነው። አማርኛ ይህን ዓይነት ቃል ብቻውን አያቆመውም፤ «አለ» የሚለውን ግሥ ያስደግፈውና ውሃው ፏ አለ፣ በሩ ጓ አለ፣ ዝናቡ ሿ አለ ያሰኛል። ድርጊቱ የማያቋርጥ ሲሆን ድምፁ ይደገምና ፏፏ ይሆናል፤ ኳ ከሚለው ኳኳ፣ ጫ ከሚለው ጫጫ እንደሚወጣ ሁሉ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ልብ የሚባል የመንገድ ልዩነት ይታያል። ኳኳታ፣ ጫጫታ፣ ጋጋታ፣ ሹክሹክታ የሚሉት ስሞች በ«ታ» የሚያልቁ ሲሆኑ የሚሰይሙት ድምፁን ራሱን እንጂ ድምፁን የሚያወጣውን ነገር አይደለም፤ ኳኳታ ሲባል የሚታሰበው ብረቱ ወይም በሩ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። ፏፏቴ ግን በ«ቴ» ያልቃል፤ የሚሰይመውም ድምፁን ሳይሆን ውሃውንና የሚወርድበትን ቦታ ነው። ሰው ፏፏቴ ለማየት ይሄዳል፣ ፏፏቴ ሥር ይቆማል፣ ፏፏቴ ፎቶግራፍ ያነሣል። በአንዲት ድምፅ መለዋወጥ ጆሮ የሰማው ነገር ዓይን የሚያየው ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ «ቴ» የሚለው ቅጥያ በአማርኛ እምብዛም የማይዘወተር በመሆኑም ቃሉ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን የቆመ ይመስላል።

የ«ፈ» ድምፅ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። አማርኛ አየር ወይም ፈሳሽ በግፊት የሚወጣበትን ነገር በዚህ ድምፅ መጥራት ይወዳል፤ ሻማ የሚያጠፋ ሰው እፍ ይላል፣ እረኛ ያፏጫል፣ የጠላ ጋን አረፋ ይዞ ይፈላል፣ ምንጭ ከመሬት ይንፎለፎላል። በዘመናችን የከተማ ወጣቶች ደምቆና አምሮ የወጣን ሰው ፏ ብሏል የሚሉትም ከዚሁ የመትረፍረፍ ስሜት የተነሣ ይመስላል፤ ቃሉ ከገደል ወርዶ ወደ ልብስና ወደ ጨዋታ ቢገባም ሞልቶ መፍሰስን አልለቀቀም።

ውሃን በድምፁና በአወራረዱ መለየት በፏፏቴ ብቻ የሚያበቃ ልማድ አይደለም። አማርኛ «ተን» የሚል መነሻ ያላቸውን ግሦች በመጠቀም ከጠብታ እስከ ወንዝ ያለውን ደረጃ አንድ በአንድ ይናገራል። ጣራ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ከእንስራ አፍ ወደ ጣሳ በቀጭኑ ሲወርድ ይንቆረቆራል፤ የተቀደደ አቁማዳ ወይም የተበጠሰ ቧንቧ ሲሆን ይንዠቀዠቃል፤ ቁልቁለት ያገኘ ጅረት ይንደረደራል፤ አፋፉን ያለፈው ደግሞ ይንፏፏል። ጠጅ ቀጂ ብርሌ ሲሞላ ጠጁ ተንዠቀዠቀ ቢባል ወይ ቀጂው ሰክሯል ወይ ተናጋሪው ቋንቋውን አያውቅም፤ ጠጅ የሚንቆረቆር እንጂ የሚንዠቀዠቅ አይደለምና። የእነዚህን ግሦች ልዩነት በትርጉም ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ የሚሆነው፣ እያንዳንዱ የውሃውን ውፍረት፣ ፍጥነትና ድምፅ በአንድነት ስለሚይዝ ነው።

የግዕዝ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ግዕዝ ውሃን የሚሰይመው ከሚያሰማው ድምፅ ይልቅ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነው። ወሐዘ ማለት ፈሰሰ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱም ውሒዝ፣ ማለትም ፈሳሽ ወይም ወንዝ የሚለው ስም ይወጣል። የሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚዎች የአማርኛውን ወንዝ ከዚሁ ሥር ጋር ያያይዙታል፤ ጉሮሯዊው ሐ ከአማርኛ አንደበት ሲጠፋ ነ በመካከል ገብታለች ማለት ነው። በትግርኛ ደግሞ የዚህ ሥር ዘር የሆነው ውሕጅ የሚያመለክተው ጎርፍን ነው። አንዱ የግዕዝ ግሥ ስለዚህ በደጋው በአንዱ ወገን ዓመቱን ሙሉ በአልጋው የሚተኛውን ውሃ፣ በሌላው ወገን ድንገት የሚነሣውን ውሃ ሰይሟል። ከዚህም የበለጠ የራቀው ፈለግ የሚለው ነው። በግዕዝ ፈለግ ወንዝ ነው፤ ብዙውም አፍላግ ይባላል። ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ የአባቱን ፈለግ ተከተለ ሲል ግን የሚያስበው ዱካን፣ ሰው የሄደበትን መንገድ ነው፤ ውሃው ከቃሉ ውስጥ ደርቆ የቀረው አልጋው ብቻ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ግዕዝ ከከፍታ በኃይል ለሚወርደው ውሃም የራሱ ቃል አለው፤ እርሱም አስራብ ነው። የብሉይ ኪዳን የግዕዝ ትርጉም የተሠራው ሰብዓ ሊቃናት ከሚባለው የግሪክ ትርጉም በመሆኑ፣ የግሪኩ መጽሐፍ «ካታራክታይ» ያለውን የግዕዙ ተርጓሚዎች አስራብ ብለውታል። የግሪኩ ቃል ወደ ታች መወርወርን የሚያመለክት ሲሆን፣ በኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ የጥፋት ውሃ በወረደበት ስፍራም፣ በግዕዙ ቁጥር 41ኛ በሆነው መዝሙርም ይገኛል። በዚህ የተነሣ የግዕዝ አንባቢ የሰማይን መከፈትና የገደልን ውሃ በአንድ ቃል ያነባል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ በኦሪቱ ከዕብራይስጡ ጋር ተስማምቶ የሰማይ መስኮቶች ሲባል፣ በመዝሙሩ አስራብ የነበረው ፏፏቴ ሆኗል። በመሆኑም ከእረኛና ከመንገደኛ አፍ የወጣው ቃል ዳዊት በሚደገምበት ስፍራ ገብቶ የአስራብን ወንበር ወርሷል፤ አስራብም ዛሬ ከግዕዝ ትምህርት ቤት ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ጎርፍ ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ ታሪክ አለው። ጎረፈ የሚለው ግሥ በሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ውስጥ መሰል አለው፤ በዓረብኛ ጀረፈ ውሃ አፈርን ጠርጎ መውሰዱን ሲያመለክት፣ በዕብራይስጥ በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ የቂሶን ወንዝ የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ መውሰዱን የሚናገረው ግሥ ከእነዚሁ ከገ፣ ከረና ከፈ የተሠራ ነው። የቃሉ እምብርት ስለዚህ የውሃው ብዛት ሳይሆን ጠርጎ መውሰዱ ነው። ይህ በአማርኛም ይታያል፤ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ጎረፈ ሲባል መብዛቱ ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ የቆመውን ሁሉ ይዞ መሄዱም ይሰማል። አንዳንድ ሰዎች ጎርፍ መሬትን ስለሚገርፍ ገረፈ ከሚለው የመጣ ነው ሲሉ ይሰማል። እንዲህ ያለው አፈታት ለጆሮ ደስ ቢልም የፊደል መመሳሰልን ከዘር አንድነት ጋር ያደባልቃል፤ ጎረፈና ገረፈ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ግሦች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ታላቁ ወንዝ ስሙን ያገኘው ከ«አባይ»፣ ማለትም ከውሸታም ነው የሚለው ቀልድም እንደዚሁ ነው፤ ውሸታም የሆነው አባይ አበለ ከሚለው ግሥ ሲወጣ፣ የወንዙ ስም በተለምዶ የሚፈታው ታላቂቱ ከሚለው ከግዕዙ ዐባይ ነው፤ ዐቢይ ለወንድ፣ ዐባይ ለሴት ይነገራልና።

ከሁሉም ይልቅ የአገሩን ተፈጥሮ የሚያሳየው ግን ደራሽ የሚለው ቃል ነው። ደራሽ ውሃ ስሙን ያገኘው ከድምፁም፣ ከኃይሉም፣ ከአወራረዱም ሳይሆን ከመድረሱ ነው፤ ደራሽ የሚደርስ፣ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ሰው ባለበት ድንገት የሚከሠት ማለት ነው። ደጋና ቆላ በጥቂት ርቀት በሚፈራረቁበት ምድር ይህ አጠራር እንዲያው የተገኘ አይደለም። በቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ፀሐይ እየሞቀ፣ ከብቶች በወንዙ አልጋ ላይ ተበትነው ሳለ በደጋው ይዘንባል። ቆላ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንኳኳና የሹሹታ ድምፅ ሲቀርብ ነው፤ ቀጥሎ ከፊቱ ጭራሮ፣ ቅጠልና የደረቀ ፍግ እየገፋ ቡናማ ውሃ በመታጠፊያው በኩል ብቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ገፊ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ሊሆን ይችላል፣ የሚከተለው ግን ወገብ ያልፋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው አነጋገርም የዚህ ዓይነቱን ውሃ ጠባይ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው። ደራሽና ፈሳሽ ቤት እየመቱ የሚገናኙበት «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የተባለው ምሳሌ ደግሞ ያልተጠራ እንግዳንና ያልታሰበ ውሃን በአንድ ሚዛን አስቀምጧቸዋል።

ደራሽ የሚለው ቃል በከተማም ዋጋው ታይቷል። በድሬዳዋ መሐል የሚያልፈው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ሰው የሚሻገረውና ገበያ የሚቆምበት ደረቅ የአሸዋ አልጋ ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚህ አልጋ ወርዶ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት በዳርቻው የነበሩትን ቤቶች ጠርጎ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ዜና አንባቢዎች ደራሽ ጎርፍ የሚለውን ጥምር ስም ያዘወትራሉ። ሁለቱ ቃላት ተደራርበው ብዙ የሚሉ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን አይደግመውም፤ ደራሽ ውሃው የመጣበትን ሰዓት፣ ጎርፍ የሠራውን ሥራ ይናገራሉ።

ከኢትዮጵያ ፏፏቴዎች ሁሉ ታላቅ የሚባለው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሚገኘው የዓባይ ፏፏቴ ነው። ወንዙ እዚያ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል፤ በክረምት ሞልቶ ሲሰፋም ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። የሚያስደንቀው ግን ይህን ያህል የሚጮህ ውሃ መጠሪያው ከድምፁ አለመውጣቱ ነው። ሁለቱ ስሞቹ፣ ጢስ ዓባይና ጢስ እሳት፣ የሚናገሩት ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እንደ ጢስ ወደ ሰማይ ስለሚወጣው የውሃ ብናኝ ነው። ምክንያቱ ርቀት ይመስላል። ፏፏቴ የሚለው የወል ስም የተወለደው ውሃው ሥር ቆሞ በሚያዳምጥ ሰው አፍ ሲሆን፣ ጢስ የሚለው የተጸውዖ ስም ደግሞ ከማሳው ወይም ከመንገዱ ሆኖ ብናኙን ከሩቅ በሚመለከት ሰው አፍ የተወለደ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ቦታውን የሚያመለክተው ልክ ጎጆ መኖሩን እንደሚያመለክተው ጢስ ነው።

በእነዚህ ስሞች ውስጥ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አማርኛ አገናዛቢውን አስቀድሞ የዓባይ ጢስ፣ የእሳት ጢስ ይላል እንጂ ጢስን አስቀድሞ ዓባይን አያስከትልም። ተገናዛቢው የሚቀድምበት አሰላለፍ የግዕዝ ነው፤ ደብረ ታቦርና ቤተ ልሔም የተሰየሙትም በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ፏፏቴ የሚለው ቃል ከሰሚ ሕዝብ አፍ ሲወጣ፣ ጢስ ዓባይ የሚለው ስም አደራደሩን የተቀበለው በጣናና በዙሪያው በብዛት ከነበሩት ገዳማትና ከግዕዝ ንባብ ጋር ከተዋሐደው የቦታ አሰያየም ይመስላል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ወሰን ላይ ያለውን ታላቅ የዛምቤዚ ፏፏቴ የአካባቢው ሰዎች የሚያንጎደጉድ ጢስ በሚል ስም እንደሚጠሩት ልብ ቢባል፣ ብናኙን ጢስ ማለት የአንድ ሕዝብ ብቻ ምናብ እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የዛምቤዚ ሰዎች ግን ድምፁንም ጨምረውበታል።

የውጭ አገር ጸሐፊዎችም ስለዚህ ፏፏቴ ጽፈዋል። ከ1625 እስከ 1634 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወረወረው ውሃ ሥር ባለው ዓለት ላይ ተቀምጦ ቀስተ ደመናውን እንደተመለከተ ጽፏል። በ1770 እ.ኤ.አ. ስፍራውን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ይህን አስተባብሎ፣ ከዚያ ውሃ ሥር ሰው ሊቀመጥ አይችልም ሲል ሎቦን በውሸታምነት ከሷል። ብሩስ ከእርሱ ቀድመው የዓባይን አገር ያዩትን ኢየሱሳውያን ሁሉ ማጣጣል የሚወድ ሰው ስለነበረ ክሱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ሎቦ የመጣበት ወርና የውሃው መጠን ሳይታወቅ በአንድ ጊዜ ጉብኝት ሌላውን መዳኘት አይቻልም፤ በክረምት የማይቀረበው ዓለት በበጋ መቀመጫ ሊሆን ይችላልና። ብሩስ ፏፏቴውን የሚጠራው በአቅራቢያው ባለው አላታ በተባለው ስፍራ ስም ነው። በዚሁ ስም የሚታወቀው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን፣ ከላይ ሜዳ ሞልቶ የሚወርደው ወንዝ በጥቁር ዓለት መካከል እንደ ቦይ ጠብቦ በሚያልፍበት ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል። የሎቦ ድርሰት ደግሞ በ1735 እ.ኤ.አ. በሳሙኤል ጆንሰን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ ኋላ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ስመ ጥር የሆነው ይህ ሰው ያሳተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለዚህ የዓባይ ፏፏቴ የሚነገርበት ሆነ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፏፏቴው ውሃ ሌላ ስም ያዘ። ኢትዮጵያውያን ለኤሌክትሪክ የሚጠቀሙበት ኮረንቲ የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛው «ኮሬንቴ» ሲሆን፣ ይህም የሚሮጥ ማለት ሆኖ ለወንዝ ፈሳሽም ለኤሌክትሪክም ይነገራል፤ የትምህርት መጻሕፍትም በኋላ ይህንኑ መንገድ ተከትለው የኤሌክትሪክ ጅረት ብለዋል። ጣልያንኛው ከወንዝ የወሰደውን ስም አማርኛ የተቀበለው የወንዝነቱን ትርጉም ትቶ ነው፤ ኮረንቲ ያዘው የሚል ሰው ውሃ አያስብም። በጢስ ዓባይ ግን ሁለቱ ቃላት በአንድ ገደል ላይ ተገናኝተዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከአፋፉ በላይ ውሃውን በቦይ ጠልፎ ነበር፤ ያ መጠን ለባሕር ዳር ፋብሪካዎች ብዙ ቢሆንም ለፏፏቴው ጥቂት ነበር። መልኩን የለወጠው በ2001 እ.ኤ.አ. የተጨመረውና 73 ሜጋ ዋት የሆነው ቁጥር ሁለት፣ ከእርሱም ጋር በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ የተሠራው የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ ግድብ ነው፤ ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣው እንደ ወቅቱ ሳይሆን እንደ በሮቹ አከፋፈት ሆነ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ካሻገረ በኋላ በበለስ ወንዝ ላይ ይለቀዋል፤ ይህ ውሃ ዓባይን መልሶ የሚያገኘው ፏፏቴውን ሳያይ ወደ ሱዳን ወሰን አካባቢ ነው።

በፏፏቴው አካባቢ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ በስም ጭምር ይታወቃል። ጢስ የሚባለው ነገር የሚኖረው ወርዱን ሞልቶ የሚወርድ ውሃ ሲኖር ነውና፣ ዛሬ ስሙን በሙሉ የሚያገኘው በክረምትና ክረምቱ በወጣባቸው ሳምንታት ነው፤ በሚያዝያ ስፍራውን የሚጎበኝ ሰው በጥቁሩ ዓለት ላይ ተራርቀው የሚወርዱ ጥቂት የውሃ መስመሮችን ያያል።